ሁለተኛው ፍተሻ

እትዬ ደብሪቱ ማረፏን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ከለቡ ተሳፍሬ በምመጣበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ድሮ አንድ ፋብሪካ አብራኝ የሠራችው ትርሲት ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ ቆይተን ልትወርድ ስትነሳ፣ "ደብሪቱ እኮ አረፈች፤ አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ። "የቷ ደብሪቱ?" አልኳት። በሕይወቴ የማውቃት ደብሪቱ አንዲት ብቻ መሆኗን እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ወራጅ፣ ቶሎ በሉ!" እያለ ሲጮህ ትርሲት ወረደች፤ እኔም መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ተናደድኩ። በማን መናደድ እንዳለብኝ ግን አላውቅም። በዚህ ከተማ ስንቱ በሰልፍ፣ በመኪና፣ በአበባ ይቀበራል። ደብሪቱን ሸኝተው የተመለሱት የእድሯ ሰዎችና ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ አሉ። ለቅሶዋ ላይ ብቀመጥ ኖሮ የማወራው ብዙ ነበረኝ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ለማን ላውራው? እዚሁ ላውራው እንጂ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ነፋስ ስልክ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። እኛ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ነን፤ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመን ከመቁረጫው የሚመጣውን ሳሙና በወረቀት እየጠቀለልን ካርቶን ውስጥ እንደረድራለን። ደብሪቱ ከእኔ ፊት ለፊት ነበር የምትቆመው። አጠር፣ ደንደን ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ የምትሠራ፣ በልጅነቷ ከመንዝ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ወታደር ነበር፤ ወደ ሰሜን እንደዘመተ አልተመለሰም። አንዲት ሴት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች።

ስም ማውጣት ትወድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ የሚውለውን የሳሙና መቁረጫ "አማቴ" ትለዋለች። ሲበላሽ ደግሞ "አማቴ ዛሬ አኩርፋለች፤ እፎይ በሉ" ትለናለች። እኔን፣ እጄ ስለማይፈጥን፣ "እመት ነገ" ብላኛለች። ሐሜትማ እንደማናችንም ትወዳለች፤ ልዩነቷ ያማችውን ሰው በነጋታው ፈልጋ "ትናንት እንዲህ ብዬ አምቼሃለሁ" ማለቷ ነው። አንዳችን ስለ ክበቡ ወጥ ወይም ስለ ፈረቃ ድልድሉ ማጉረምረም ስንጀምር፣ ከሳሙናው ላይ ቀና ሳትል "ለእኔ ምን ላድርግልሽ ብለሽ ነው? ለባለቤቱ ንገሪው" ትላለች። ለባለቤቱ የሚናገር ግን ከእሷ በቀር አላየሁም።

ሌላው ጠባይዋ እንግዳ መውደድ ነው። ከቤቷ ባዶ አፉን የወጣ ሰው የለም። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛ ሳይቀር እጁን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ አከራይ እሷ ቤት በልቶ ጠጥቶ የመጣበትን ረስቶ ይሄዳል እያልን እንስቅባት ነበር። "ቤቴ የገባ ሰው እህል ሳይቀምስ ከወጣ የእናቴ አጥንት ይወቅሰኛል" ትላለች። ይህ ጠባይዋ ነው በኋላ ጉድ የሠራት።

ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ፍተሻ ያለ ነው። ሥራ ሲያበቃ ሴቶች በሴት፣ ወንዶች በወንድ ዋናው በር ላይ ተፈትሸን እንወጣለን፤ በዚህ ማንም አይቀየምም። አንድ ሰሞን ከመጋዘን ሳሙና ጎደለ ተባለና የፈረቃ ኃላፊያችን አቶ ፈለቀ ሁለተኛ ፍተሻ አመጣ። በመጋዘኑ የኋላ ጥግ በኮምፔንሳቶ የተከለለች ጠባብ ክፍል ነበረች። በዚያ በኩል እየመራን፣ የመረጣትን ሴት "አንቺ፣ በዚህ በኩል" እያለ ለብቻዋ ያስገባና እሱ ራሱ ይፈትሻል። ሳሙናው በካርቶን በካርቶን በመኪና እንደሚወጣ ዘበኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የሚፈተሸው የእኛ ገላ ሆነ።

ያኔ ሁላችንም አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን ግን አንቱ ብዬ ልጽፍለት እጄ እምቢ አለኝ። ክፉ ፊት ያለው ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ። አቶ ፈለቀ የሠራተኛው እድር ሰብሳቢ ነው፤ ሰው ሲሞት ቀድሞ ድንኳን ያስተክላል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ጾም አይገድፍም። የእኔ አባት ሲሞቱ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው "እጁ መጥፎ ነው" ብትይ የሚታዘቡት አንቺን ነው።

ሴቶቹ የየራሳቸውን ዘዴ አበጁ። ሁለት ቀሚስ ደርበው የሚመጡ ነበሩ። ሸሚዛቸውን በመርፌ ቁልፍ የሚጠረንፉ ነበሩ። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ መሀል ለመሆን እንጋፋለን፤ ዳር የቀረችውን ነው የሚጠራት። ከዚያች ክፍል የወጣች ልጅ ነጠላዋን እያስተካከለች መሬት መሬት እያየች ትሄዳለች፤ እኛም ያላየን መስለን ስለ ታክሲ እናወራለን። "ዝም አይነቅዝም" ይሉ ነበር ትልልቆቹ። እኔን አይጠራኝም ነበር፤ ወንድሜ የፋብሪካው መካኒክ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እውነት መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። ወንድ ያላት ታልፋለች፤ የሌላት ትፈተሻለች።

ደብሪቱን ይጠራታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወደ አርባው የተጠጋች፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። አንድ ቀን ግን ጠራት። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መጣችና "የሺ፣ አብረሽኝ ነይ" አለችኝ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ነበር የሄደችው።

የአስተዳደሩ ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ፣ ለስላሳ አነጋገር ያላቸው ሰው ነበሩ። ቦርሳቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ነው የደረስንባቸው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ምን ነበር ደብሪቱ?"

"ክስ አለኝ። በአቶ ፈለቀ ላይ።"

"ምን አደረጉ? ሰደቡሽ?"

"አልሰደቡኝም።"

"ደመወዝ አስቆረጡብሽ?"

"የለም።"

"መቼም አልመቱሽም።"

"አልመቱኝም።"

"ታዲያ ምን አደረጉሽ?"

"ዳበሱኝ።"

ሰውየው ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ። እኔን ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። "ሲፈትሹ ምናልባት እጃቸው ሳያስቡት…" ብለው ጀመሩ።

"ባል ነበረኝ፣ ጌታዬ። ልጅ ወልጃለሁ። የሚፈትሽ እጅና የሚዳብስ እጅ አይጠፋኝም። ደግሞ እጅ የሚፈትሸው የጠፋ ነገር ሲኖር ነው፤ እኔ ላይ ምን ጠፋቸው?"

የዲሲፕሊን ደንቡን አወጡና መነጽራቸውን አውርደው ያገላብጡ ጀመር። ስርቆት አለ። ከሥራ መቅረት አለ። ሰክሮ መግባት፣ መሳደብ፣ መደባደብ አለ። "ይሄ ያልሽው ደንቡ ውስጥ የለም" አሉ፣ ራሳቸውም እንደማፈር ብለው። "ለጊዜው 'አለመግባባት' ብለን እንያዘው።"

"እኛማ ተግባብተናል" አለች ደብሪቱ። "እሳቸው የፈለጉት ለእኔ ገብቶኛል፤ እኔ ያልፈለግኩት ለእሳቸው ገብቷቸዋል። ግን እርስዎ እንደሚመችዎ ይያዙት።"

"ምን እንዲደረግልሽ ነው የምትፈልጊው?"

"ይባረሩ አላልኩም፤ ልጆች አሏቸው። ወንድ አይፈትሸን። ያ ሁለተኛ ፍተሻ ይቁም። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ስም አልነበረውም። ዛሬ በራዲዮ የሚነገርለት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍለት ስም አለው። ስም የሌለውን ነገር መክሰስ ምን እንደሆነ ያየሁት በደብሪቱ ነው። አለመግባባት ተብሎ ከተያዘ ጸብ ነው ማለት ነው፤ ጸብ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ አለው።

የፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሐሙስ እንዲሰማት ቀጠሮ ተያዘ። እስከዚያ ድረስ እሷ ስትመጣ ወሬ ይቋረጣል። አንዷ "በበላሽበት ትጮኺያለሽ" አለቻት። ሌላዋ ደግሞ፣ እዚያች ክፍል ደጋግማ የገባች ልጅ ናት፣ "እትዬ፣ እባክሽ የእኔን ስም እንዳታነሺ፤ እጮኛዬ ከሰማ አለቀልኝ" ብላ እጇን ይዛ ለመነቻት። "የእኔን ነው የምናገረው፤ ያንቺ ገበና ያንቺ ነው" አለቻት ደብሪቱ። ከዚያ በኋላ የማንንም ስም አላነሳችም፤ ብታነሳ ኖሮ ክሱ ይጠነክርላት ነበር።

ከሐሙስ በፊት ባለው እሑድ እሷ ቤት ነበርኩ። ጸጉሬን ልትሠራኝ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ። ደጅ ኮቴ ሰምተን በሩን ስንከፍት ግቢው ሞልቷል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ ደግሞ አቶ ፈለቀ ነጠላ አጣፍቶ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው መመለስ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ደም የተቃቡ እንኳ ይታረቁበታል። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። እኔ ግማሽ ጸጉሬ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ጥግ ይዤ ቀረሁ።

"ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ድንግል ማርያም ብለሽ ይቅር በይው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ወልዴ፤ የእሷ ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። "እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

"መጀመሪያ ድንጋዩን አውርዱላቸው" አለች ደብሪቱ። "ወገባቸውን ያማቸዋል።"

አጥሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ቄሱ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ይቅር ካላልሽ አባታችን ሆይን እንዴት ትደግሚያለሽ?" አሏት።

ይህን ሲሏት ፊቷ ተለወጠ። "ይቅር ብያለሁ" አለች በመጨረሻ፤ "እግዚአብሔርም ይቅር ይበላቸው። ክሴ ግን አይነሳም። የከሰስኩት ፍተሻውን ነው። ነገ ሌላዋን ይፈትሻሉ፤ በሌላ ሴት ገላ ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ?"

"ይቅርታና ክስ አንድ ቤት አያድሩም" አሉ ጋሽ ወልዴ ቆጣ ብለው።

"እኔ ቤት ያድራሉ። ጠባብ ነው፤ ግን ያድራሉ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሊወጡ ዞሩ። ምናለ በወጡ! በሐሙሱ ቀጠሮ የምትናገረውን ተናግራ፣ ቢያንስ እምቢታዋ እምቢታ ሆኖ በተያዘላት። ግን ደብሪቱ ናት፤ ሰዎቹ እግራቸው ደጃፉን ሲረግጥ አላስቻላትም። "ኧረ ወዲያ! እንዲህማ ባዶ አፋችሁን ከቤቴ አትወጡም" ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ጋሽ ወልዴ ከማንም ቀድመው ተቀመጡ። ያን ቀን ማለዳ የጋገረችው ዳቦ ነበር፤ አቀረበች። ጠላ ቀዳች። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና አንዱን ቁራሽ ለአቶ ፈለቀ፣ አንዱን ለእሷ ዘረጉ። እጇን ሳትዘረጋ ትንሽ ቆየች። ከነፍስ አባት እጅ የተዘረጋ የተባረከ እህል እንዴት ይመለሳል? ደግሞ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ዳቦዋ። ተቀብላ በላች። መርቀው ሲወጡ ጋሽ ወልዴ የአቶ ፈለቀን ጀርባ መታ መታ ሲያደርጉት አየሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሐሙስ ምስክር ተብዬ ከቢሮው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ። የመጀመሪያው ተናጋሪ በሽምግልናው የተጠሩት ጋሽ ወልዴ ነበሩ። "ነገሩ አልቋል" አሉ። "እሑድ በገዛ ቤቷ፣ ካህን ባለበት፣ አንድ ዳቦ ቆርሰው በልተዋል።"

"እንግዳ አበላሁ እንጂ ክስ አነሳሁ አላልኩም!" ስትል ድምጿን ሰማሁ። "ለመሆኑ አንድ ሰው ቤቴ ስለበላ ገላዬን ሰጠሁት ማለት ነው?"

"ደብሪቱ፣ ከበላሽ በላሽ ነው" አሉ አንዱ የኮሚቴው አባል፣ ቁጣ ሳይኖርባቸው፤ ሰውየው ከልባቸው የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። "ማዕድ የቆረሱ ሰዎች መልሰው አይካሰሱም። ደግሞ ለአንቺም ደስ ሊልሽ ይገባል።" ከዚያ ጭብጨባ ሰማሁ። አጨበጨቡላት። ስለ ሰላሟ፣ ስለ ትልቅነቷ አጨበጨቡላት። እኔ ለምስክርነት ሳልጠራ ቀረሁ። ስለ ፍተሻው አንድም ሰው ቃል ሳያነሳ ስብሰባው አበቃ።

የእርቁ ወግ ግን ገና መጀመሩ ነበር። የታረቁ ሰዎች ሲገናኙ ይሳሳማሉ። አቶ ፈለቀ ጠዋት ጠዋት ከሁላችንም መካከል ወደ እሷ ይመጣል፤ "እንዴት አደርሽ እህቴ" ይላል፤ ትከሻዋን ይዞ ጉንጯን ግራና ቀኝ ይስማል። ሰው ሁሉ ያያል፤ ትልልቆቹ "እንዲህ ነው እንጂ" ይላሉ። እጁ ትከሻዋ ላይ ይቆያል። እዚያች ክፍል ውስጥ ተደብቆ ያደረገው አሁን በአደባባይ፣ በባህል፣ በምርቃት ሆነለት። እሷ እንደ ግንድ ትቆምና ሲሄድ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጯን ትጠርጋለች። ቀልዷ ቀረ። መቁረጫው ሲበላሽም ምንም አትልም። እኔ ያኔ ነው ሰው በቁሙ ሲሞት ያየሁት።

አንድ ጠዋት መዳፏን ዘርግታ ደረቱ ላይ አሳረፈችና አቆመችው። "ይበቃል አቶ ፈለቀ" አለች፤ "ጉንጬ አለቀ።" ሴቶቹ ሳቁ፤ ስንት ጊዜ አፍነውት የቆየ ሳቅ ነበር። አቶ ፈለቀ አልሳቀም። በማግስቱ ደብሪቱ እርቅ አፈረሰች ተብሎ ተወራ። የነፍስ አባቷ ቤቷ መምጣት ተዉ። እድር ላይ ጋሽ ወልዴ ስሟን ሳይጠሩ ማዕድ ስለሚክዱ ሰዎች ብዙ ተናገሩ። እሷም ከእኛ ጠረጴዛ ተነስታ የሳሙና ማፍያው ዘንድ ተመደበች። እዚያ ኮስቲክ ሶዳው የጣትን ቆዳ ይበላል። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀንሳል ተባለና ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ማንም "በክሱ ምክንያት ነው" አላለም፤ ማለትም አያስፈልግም ነበር።

ትሄዳለች ብለን ነበር፤ ወደ ፉሪ ዘመድ አላት፣ እዚያ ትገባለች ብለን። ከፋብሪካው አጥር ሥር መንገድ ዳር ጉልት ዘረጋች፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። የዘረጋችበትን ቦታ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። የመጋዘኑ የጀርባ ቆርቆሮ ግድግዳ የፋብሪካው አጥር ነበር። ያች በኮምፔንሳቶ የተከለለች ክፍል ከመንገዱ የሚለያት አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደብሪቱ የጠራቻት ትርሲትን ነው። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ፣ ከከምባታ የመጣች፣ ከተማው ውስጥ የእኔ የምትለው ዘመድ የሌላት ልጅ ነበረች። ሥራ ሲያበቃ ስንወጣ ደብሪቱ አንድ በአንድ አየችንና "ትርሲትስ?" አለች። "ከኋላ ናት" አልናት፤ ሁላችንም ዓይናችንን መለስን። ደብሪቱ ተነሳች፤ ቆርቆሮው ዘንድ ሄዳ በመዳፏ ደብደብ አደረገችና "ትርሲት!" ብላ ተጣራች። "ትርሲት! ነይ ውጪ፤ እየጠበቅኩሽ ነው!" መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ጥቂት ቆይቶ ትርሲት በበሩ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። የሚወጣውን ታያለች፤ የቀረችውን ታውቃለች፤ በስሟ ትጠራታለች። ስድብ የለም፣ ክስ የለም፤ ስም ብቻ። እናት ልጇን ከጨዋታ የምትጠራ ነው የሚመስለው። ዘበኞች መጥተው አስነሷት፤ ፈቀቅ ብላ ዘረጋች። ደንብ አስከባሪዎች ቲማቲሟን በተኑባት፤ በነጋታው ሌላ ይዛ መጣች። አንድ ቀን አቶ ፈለቀ ራሱ ወጣ። እኛ ቃሪያ እንደሚመርጥ ሰው ጎንበስ ብለን እንሰማ ነበር።

"ደብሪቱ፣ ምነው? እኛ ታርቀን አልነበረም ወይ?"

"ታርቀናል እንጂ" አለች፣ ሽንኩርቷን እየደረደረች። "ለዚህ እኮ ነው የእርስዎን ስም የማልጠራው።"

ፍተሻው ቆመ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልቆመም፤ አጠረ እንጂ። በተጠራች ጊዜ ልጅቷ ቶሎ ትለቀቃለች፤ በሌላ ቀን ሌላዋ ትገባለች። አቶ ፈለቀ እስከ ጡረታው ሠራ፤ ሲሰናበት ካባ አለበሱት፤ በእድሩ ስም ንግግር ተደረገለት። ደብሪቱ በክረምቱ ዝናብ አጥር ሥር ስትቀመጥ ደረቷን ታመመች፤ አንዳንድ ቀን ትቀር ጀመር። በቀረች ቀን በእሷ ቦታ ቆሞ የሚጣራ ሰው አልነበረም። ያ ግድግዳ ዝም ሲል ሁላችንም እንሰማዋለን፤ እንሰማና ታክሲ ለመያዝ እንሮጣለን።

የራሴን ለመጨረሻ አቆየሁት። ወንድሜ ሌላ ሥራ አግኝቶ ፋብሪካውን ለቀቀ። በሳምንቱ ስንወጣ አቶ ፈለቀ "አንቺ፣ በዚህ በኩል" አለኝ። አባቴን የተሸከመ ሰው ነው። ክፍሏ የሳሙናና የላብ ሽታ አላት፤ ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች ቀጭን ብርሃን ይገባል። "እጅሽን ወደ ላይ" አለኝ፤ አነሳሁ። ምን እንዳደረገ አልጽፍም። የማስታውሰው ስሜን እንኳ ብጠየቅ የማልመልስ ሆኜ እንደነበር ነው። ያኔ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ጆሮዬ ሥር እስኪመስለኝ ቅርብ ሆኖ፣ የሚያስል ድምፅ መጣ።

"የሺ! አንቺ የሺ! ምን ትሠሪያለሽ? እየጠበቅኩሽ እኮ ነው!"

እጁ ቆመ። እኔም እግር እንዳለኝ ትዝ አለኝና ወጣሁ።

ምን ሆንሽ አላለችኝም። የሽንኩርት ጆንያዋን በአንድ ወገን አስያዘችኝና ወደ ቤቷ አዘገምን። እኔ እያለቀስኩ እሄዳለሁ፤ እሷ ስለ ልጇ ፈተና፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ፣ ስለማይረባው የሰሞኑ ቲማቲም ታወራለች። ቤት ስንደርስ ውሃ አሙቃ ፊቴን አጠበችኝ። ቁራሽ አቀረበችልኝ፤ አልበላም ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አላስገደደችም።

ከዚያ ሚኒባስ ከወረድኩ ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ አንድ ነገር ነው። ትርሲትን የጠራላት ነበር። እኔን የጠራልኝ ነበር። ያን ቀን እሷ እዚያ ክፍል ስትገባ ግን ሁላችንም ወደ በሩ አልፈናል፤ ከቆርቆሮው ውጭ ቆሞ "ደብሪቱ!" ያላት ሰው አልነበረም።